የአጎት አምብሮዝ ፊኛና የእኔ ምላስ

መጀመሪያ የጄሉን ጠርሙስ ገልብጬ ጠብታዋን በእጄ አንጓ ላይ እፈትሻለሁ፤ የሕፃን ወተት እንደሚፈተሸው ማለት ነው። የጄል ማሞቂያችን ከተበላሸ ስለቆየ ጠርሙሱን የማቆመው የሻይ ማንቆርቆሪያው ጎን ነው። ከዚያ ከእምብርት በታች አንድ ጉብታ ጄል አፈሳለሁ። ፕሮቡን፣ ማለትም ሳሙና የሚያክለውን የማሽኑን ጆሮ፣ በቀኝ እጄ እይዝና ትንሿን ጣቴን ሕመምተኛው ሆድ ላይ አሳርፋለሁ፤ እጄ እንዳይንሸራተት መልህቄ እሷ ናት። ፕሮቡን ቁልቁል ወደ ዳሌው አጥንት ሥር አዘነብላለሁ። ስክሪኑ ላይ ጥቁር ነገር ብቅ ይላል። ውሃ በአልትራሳውንድ ሲታይ ጥቁር ነው፤ ሽንትም ያው ውሃ ነው። ወዲህና ወዲያ እያራገብኩ ጥቁሩ በጣም የሚሰፋበትን ቦታ እፈልጋለሁ፤ ሳገኘው ምስሉን ቀጥ አደርገዋለሁ። ግራ እጄ ማሽኑ ላይ ያለችውን የማዘዣ ኳስ እያንከባለለ አንድ የመስቀል ምልክት የፊኛው ግድግዳ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ይተክላል፤ ሌላውን ከማዶ። ርዝመት። ጥልቀት። ፕሮቡን ሩብ ዙር አዞርና ስፋት።

ማሽኑ ሦስቱን ያባዛል። ከሚያገኘው ሳጥንም ግማሹን ትንሽ አለፍ አድርጎ ይወስዳል፤ ምክንያቱም ማሽኑ የሰው ፊኛ እንቁላል ነው ብሎ ያምናል። እኔ ትራስ የመሰለ ፊኛ አይቻለሁ፤ ቦት ጫማ የመሰለም አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜ የባለቤቴን እናት ኮፍያ ቁርጥ አድርጎ የመሰለ አይቼ ሳቄን መዋጥ አቅቶኝ ነበር። ማሽኑ ግን ከእምነቱ ንቅንቅ አይልም።

ይህን ሁሉ አስቀድሜ የነገርኳችሁ ሥራዬን እንደማውቅ እንድታዩልኝ ነው። ከዚህ በኋላ ሌላ ዕድል የማገኝ አይመስለኝም።

ስሜ ቨርና ቡግደን ነው። ኒውፋውንድላንድ በምትባል የሰሜን ደሴት ውስጥ፣ ጋኔት ወደብ በምትባል ሰፈር ባለች ትንሽ ሆስፒታል ብቸኛዋ የአልትራሳውንድ ባለሙያ ነኝ። ብቸኛዋ ስለሆንኩ ከሁሉም የበለጥኩ ነኝ፤ ከሁሉም የባስኩትም እኔው ነኝ። ድሮ ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ሚዛን ላይ ነበርኩ። ኮድ ዓሣ ከባሕሩ ተመናምኖ ማስገር ሲታገድ ፋብሪካው ተዘጋ፤ መንግሥትም ሌላ ሙያ ተማሩ አለን። ጓደኞቼ በሙሉ ፀጉር ሥራ ገቡ፤ ወደቡ በፀጉር ሠሪ ተሞልቶ የሚሠራ ፀጉር ጠፋ። እኔ የሰው ሆድ ማየትን መረጥኩ። ዕድሜዬን የዓሣ ሆድ ሳይ ስለኖርኩ ብዙ ልዩነት አይኖረውም ብዬ ነበር። የዓሣው ሆድ ግን አያወራም። ልዩነቱ እሱ ነው፤ መከራዬም የመጣው ከዚያው ነው።

ባሌ ሊያንደር አናጺ ነው። ሳሎናችን ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ስንዝር ያህል ያጠረ መጋረጃ ተሰቅሏል። የለካሁት እኔ ነኝ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ሊያንደር በጣቱ እያሳየ፣ "ሚስቴ በድምፅ ኩላሊት ትለካለች፣ መስኮቱን ግን እንቁላል መስሏት ነው የለካችው" ይላል። እንግዳው ባይገባውም ይስቃል።

በእርግጥ ሙያችን የሚያኮራውን ያህል የሚያሳፍር ነው። ርዝመቱ አሥር፣ ስፋቱ ስምንት፣ ጥልቀቱ ስድስት ሳንቲሜትር የሆነ ፊኛ እንበል፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። አሁን ምልክቶቼን ትንሽ ወደ ውጭ ሳብ አድርጌ በየአቅጣጫው ግማሽ ሳንቲሜትር ብቻ ልጨምር። ቁጥሩ ሦስት መቶ ይሆናል። ማንም ያልሸናውን ግማሽ ስኒ ሽንት ከምንም ፈጠርኩ ማለት ነው። ሦስት ትንንሽ ስህተቶች ለየብቻ ሲታዩ አንጀት ይበላሉ፤ ሲባዙ ግን ቤተሰብ መሥርተው ይመጣሉ።

ለዚህ ነው ሥራ ቀዝቀዝ ባለ ቀን እኔና ነርሷ ጆሲ አንዳችን የሌላችንን የምንለካው። አንዷ ትተኛለች፤ ሌላዋ ለክታ ቁጥሩን ትናገራለች፤ የተኛችው ልክ የተሰመረበት የኩሽና ጆግ ይዛ ሽንት ቤት ትገባለች። ጆጉ ፍርዱን ይሰጣል። ከሆድ ዕቃ ሁሉ እውነቱን እዚያው በዚያው አውጥታችሁ የምታዩት ፊኛን ብቻ ነው፤ ጉበቱን ስፈሩልኝ ብሎ የሚያወጣ የለም። ከአሥር እጅ በአንድ እጅ ብንሳሳት ደኅና ነው እንባባላለን። ከዚያ ያለፈች ሻይ ታፈላለች። ሻዩን ብዙ ጊዜ የማፈላው እኔ ነኝ፤ ማንቆርቆሪያው እኔ ክፍል ውስጥ የሚኖረውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አጎት አምብሮዝ ቶቢን የመጣው ሐምሌ ውስጥ፣ አርብ ቀን ነው። አጎቴ አይደለም፤ እዚህ ሽበት ያወጣን ወንድ ሁሉ አጎት እንለዋለን። በማግስቱ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ለየድስቱ ኮድ እንዲያጠምድ የሚፈቀድበት ቀን ነበር፤ በእኛ አገር በጋው የሚከፈተው በዚያ ቀን ነው። አምብሮዝ ግን ፕሮስቴት ዕጢው አብጦ ሽንቱን ስለዘጋበት ለሳምንታት ቱቦ ተሰክቶለት፣ የሽንቱን ከረጢት እግሩ ላይ አስሮ ነው የከረመው። በሰኔ መጨረሻ ጀልባቸውን ሊያጥቡ ሲገቡ ቱቦው መቅዘፊያው ላይ ተጠመጠመ። አብሮት የሚያጠምደው ታናሽ ወንድሙ ጎንዛጋ፣ "ያ ነገር ካልወጣልህ እኔ ያለሁበት ጀልባ ውስጥ አትገባም" ብሎ ማለ። የጎንዛጋ ጉልበት ደግሞ ብቻውን ለመውጣት አይሆንም። ቱቦው ካለ ሁለቱም ይቀራሉ።

ከተማ ያለው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ትእዛዝ አጭር ነበር። ጠዋት ቱቦው ይውጣ፤ ሰውየው ውሃ በደንብ ይጠጣ፤ ይሽና፤ ፊኛው ውስጥ የቀረው ይለካ። ከመቶ ሃምሳ ሚሊ ሊትር በታች ከሆነ ያለ ቱቦ ቤቱ ይሂድ። በላይ ከሆነ ቱቦው ይመለስና ለቀዶ ሕክምና ወረፋ ይጠብቅ።

ጆሲ ቱቦውን አወጣች። አምብሮዝ ውሃውን እየረገመ ጠጣ። ከዚያ አልጋዬ ላይ ተኝቶ ጣሪያውን እያየ፣ "ስሚ የኔ ልጅ" አለኝ፣ "ነገ ጀልባ ላይ ካልሆንኩ ስንት በጋ እንደቀረኝ ታውቂያለሽ? በዚህ ማሽንሽ የሚለካ አይደለም።"

"አይዞዎት አጎት አምብሮዝ። እርስዎ ይሽኑ፣ ሌላውን ለእኔ ይተዉት።"

እንደዚህ ነው ያልኩት። ለእኔ ይተዉት።

ፊኛው ሙሉ መሆኑን አይቼ ሽንት ቤት ላክሁት። እኔም በዚያው ከኮሪደሩ ማዶ ወዳለው ሽንት ቤት ደርሼ ተመለስኩ። ሥራው የሚያዘው አንድ ነገር ነው፤ ሕመምተኛው ሸንቶ እንደወጣ ወዲያው አልጋ ላይ ይውጣ። ይህን ለተማሪ ሳስተምር ጠረጴዛ እየደበደብኩ ነው።

ስመለስ ጎንዛጋ ክፍሌ ውስጥ ፔርሙዝ ከፍቶ፣ ዘቢብ ያለበት ዳቦ በናፕኪን ዘርግቶ ቁጭ ብሏል። አምብሮዝም ሱሪውን እየያዘ ገባ።

"እንደ ፈረስ ነው የሸናሁት!" አለ።

"እሰይ! በል ሻይህን ያዝ" አለው ጎንዛጋ። ለእኔም በቆርቆሮ ወተት ያቀላውን አንድ ትልቅ ኩባያ ሰጠኝ። በእኛ አገር ሻይ ሲሰጧችሁ ሥራ አለብኝ አይባልም፤ ብትሉ ለሦስት ዓመት ይወራባችኋል።

"ለመሆኑ አንቺ የማን ነሽ?" አለ ጎንዛጋ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ነገር ግን ይህ ጥያቄ በእኛ ሰፈር ሳይመለስ ሊታለፍ የሚችል አይደለም። የማን እንደሆንኩ ሳይታወቅ እንዴት ሆዱን እነካለሁ?

"የስፔንሰር ልጅ ነኝ፣ ከሳልመን ኩሬ።"

"ጠማማው ስፔንሰር ወይስ ቀዩ?"

"ቀዩ።"

"የቀዩ ስፔንሰር እናት እኮ የኛ አክስት ጀሚማ ባል እህት ናት!" አለ አምብሮዝ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን እያኘከ።

"አይደለችም" አለ ጎንዛጋ። "ያቺ ተናካሽ ውሻ የነበራት ናት።"

"ውሻው የጀሚማ ነው! አንተ ውሻውንም ሴትዮዋንም አታውቅም።"

"እኔ ነኝ የማላውቅ? ውሻው የነከሰው እኔን አይደል እንዴ?"

እኔ ደግሞ ሁለቱም መሳሳታቸውን አውቄያለሁና፣ ዳኛ ሆኜ ገባሁ። ኩባያዬ ተሞላ፤ የአምብሮዝም ተሞላ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አልነግራችሁም፤ እስከ ሦስተኛው የአጎት ልጅና እስከ ሁለተኛው ውሻ ድረስ ያለው ጊዜ ነው። በመጨረሻ አምብሮዝና እኔ በጋብቻ የምንዛመድ መሆናችን ተረጋገጠ፤ ተጨባበጥን፤ አምብሮዝ ጋደም አለ፤ እኔም በታላቅ ክብር ጄሉን አፈሰስኩ።

ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት።

ድጋሚ ለካሁ። ሁለት መቶ አርባ አንድ። ድጋሚ። ሁለት መቶ ሠላሳ ስድስት። የጎልማሳ ሴት እጅ ሦስት ጊዜ ለክቶ እንዲህ ሲቀራረብ በየቀኑ የሚታይ ነገር አይደለም። ሳላፍር ልናገርና ውስጤ ተኩራርቶ ነበር። ፋብሪካ ሳለሁ አንድ ሚዛን ሥሩ በረዶ ተለጥፎበት ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ቁጥር እየደጋገመ እንዳሳሳተን እንኳ ትዝ አላለኝም።

"ስንት አለ?" አለ አምብሮዝ።

ነገርኩት።

ጎንዛጋ የፔርሙዙን ክዳን ቀስ ብሎ ጠመዘዘ። "እንግዲያው ሄጄ ጀልባውን ልገልብጠው" አለ። የተገለበጠ ጀልባ እዚህ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል፤ ዘንድሮ አይወጣም ማለት ነው።

"እስቲ ደግመሽ እዪልኝ" አለ አምብሮዝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "የዝምድና አይደለም። ዝም ብለሽ እዪልኝ።"

"ሦስት ጊዜ ነው ያየሁት አጎት አምብሮዝ። ሦስቱም አንድ ናቸው። እጄን አምነዋለሁ።"

ጆሲ በትሪ ላይ አዲስ ቱቦ፣ ጓንትና ማለስለሻ ይዛ ገባች። አምብሮዝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትልቅ ሰው ፊቱን ሲያዞርባችሁ ቁጥር ይዞ መቆም ደስ አይልም። ከክፍሉ ልወጣ ፈለግኩ። በእውነትም ልወጣ ፈለግኩ፤ አጥብቆ ይዞኝ ነበር።

በሩ ጋ ደርሼ ቆምኩ።

"ጆሲ፣ ቆይ! እንዳትነኪው!"

"ምን ሆንሽ?"

"ሽንቴ መጣ።"

"ታዲያ ሂጂ! ሰው ሁሉ ፊት ፈቃድ ትጠይቂያለሽ እንዴ?"

"አይደለም! አሁን እኮ ሄጄ ነበር። እሱ ሲሄድ ሄጄ፣ እሱ ሲመለስ ተመልሼ!"

ጆሲ እኔን አየችኝ። ፔርሙዙን አየች። ሁለቱን ባዶ ኩባያዎች አየች። ከዚያ የአምብሮዝን የውሃ ማሰሮ አየች፤ እስከ አንገቱ የነበረው ባዶ ሆኗል። "ቨርና" አለች፣ "ከሸና በኋላ ስንት ሰዓት ተቀምጣችሁ አወራችሁ?"

"እስከ ጀሚማ ውሻ ድረስ" አለ ጎንዛጋ በቅንነት።

ጆሲ ትሪውን አስቀመጠችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ልወቅሳት አልችልም። ሰውየውን በአንድ ማሰሮ ውሃ ሞልቼ፣ ኩላሊቶቹን እንደ ጎርፍ ውሃ አስሮጬ፣ አሸንቼ፣ ከዚያ ላይ ሻይ ጨምሬበት፣ ዘር ቆጥሬ፣ ከዚያ በኋላ አዲስ የሞላውን ሽንት ነው ሦስት ጊዜ በጥንቃቄ የለካሁት። ልኬቱ ላይ ምንም ስህተት አልነበረም። የለካሁት ነገር ነው ስህተቱ። የሆስፒታሉ ውድ ማሽን ያላወቀውን የእኔው ፊኛ አወቀው፤ እሱ ደግሞ እንቁላል አይመስልም፤ አይቼዋለሁ።

"አጎት አምብሮዝ፣ ይነሱ! ጆጉን ይያዙ! ድጋሚ ይሽኑና በቀጥታ ወደዚህ ይምጡ። መንገድ ላይ ጳጳስ ቢያገኙ ሰላም እንዳይሉ!"

"ጆጉ ምንድን ነው?"

"የኛ ጉዳይ ነው፣ ይያዙት ብቻ!"

ገባ። ሦስታችን ኮሪደሩ ላይ እንደ ሐውልት ቆምን። እኔ እግሬን አጣምሬ ነበር የቆምኩት፤ ተራዬን እየጠበቅኩ። ከውስጥ ድምፁ መጣ፤ ረዥም ነበር፤ ቆመ፤ ደግሞ ትንሽ መጣ። ጎንዛጋ ኮፍያውን አወለቀ።

በሩ ተከፈተ። አምብሮዝ ጆጉን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዞ ወጣ። "ሁለት መቶ አሥር!" አለ። "የት ላስቀምጠው?"

"ለጆሲ ይስጡ፣ ወደ አልጋው!"

"ለመሆኑ" ሲል ጀመረ ጎንዛጋ፣ "የቀዩ ስፔንሰር ወንድም..."

"ዝም!" አልነው ሦስታችንም።

ጄሉን አላሞቅኩትም። አምብሮዝ የማልጽፈውን ቃል ተናገረ። ፕሮቡን አዘነበልኩ፤ ጥቁሩ ትንሽ ነበር፤ ቁና ሙሉ ሆኖ የነበረው አሁን የደረቀ ኪስ ሆኗል። ምስሉን ቀጥ አደረግኩ። ምልክቶቹን ተከልኩ። ሩብ ዙር።

ስድሳ ሁለት።

"ጎንዛጋ" አለ አምብሮዝ፣ ሆዱ ላይ ጄል እንደተጋገረበት፣ "ጀልባውን እንዳትነካት።"

ብልህ አንባቢ ሂሳቡን ሠርቶ ይሆናል። ከሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ላይ ሁለት መቶ አሥር ሲወጣ ሃያ ስምንት ነው የሚቀረው፤ ማሽኑ ግን ስድሳ ሁለት አለ። ስንከራከር በነበርንበት ጊዜ ኩላሊቱ ሥራ አላቆመም፤ ስለዚህ ከትርፉ የተወሰነው አዲስ ሽንት ነው። የተወሰነው ደግሞ የእኔ እጅና የእንቁላሉ ጥፋት ነው። ስንቱ ከየትኛው እንደሆነ አላውቅም። አውቃለሁ የሚላችሁ ሰው ማሽን ሊሸጥላችሁ የመጣ ነው። ስድሳ ሁለቱ መቶ ቢሆን እንኳ አምብሮዝ ጀልባው ላይ ነው፤ ለእኔ የሚበቃኝ እሱ ነበር።

ሽንት ቤት ደርሼ መጥቼ ለሐኪሙ ደወልኩ። ሁለቱንም ቁጥር ነገርኩት።

"የመጀመሪያው ምንድን ነው?" አለ።

"ሻይ ነው" አልኩት።

ከዚያ ቱቦው አይመለስ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ይለካ አለ። "በዚያን ጊዜ ያለ ሻይ" ሲል ጨመረ።

ቅዳሜ ጠዋት ጭጋጉ እስኪነሳ ጠብቀው ወጡ። ከሰዓት በኋላ አምብሮዝ በራችን ላይ ቆሞ ከጭኑ አጋማሽ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ኮድ በእጁ አንጠልጥሏል። በጀልባው ጎን ሲሸና ጎንዛጋ እንደ ዳኛ ከኋላው ቆሞ ሰከንድ ሲቆጥርለት እንደዋለ ነገረን። "አቁም ቢለኝ እንኳ አልቆምኩም" አለ በኩራት።

"ስንት ኪሎ ይሆናል?" አለኝ ዓሣውን እያሳየ። "አንቺ ፋብሪካ ሚዛን ላይ ነበርሽ አሉ።"

"አምስት" አልኩ፣ ዓይኔን እንኳ ሳላርገበግብ።

ሊያንደር የጋራዡን ሚዛን አመጣ። ሦስት ተኩል። መጋረጃውን ባያሳየው ይሻል ነበር፤ አሳየው።

እና አንድ ነገር ልለምናችሁ። ምናልባት አንድ ቀን፣ እኔ ጋ ወይም እኔን የመሰለች ሌላ ሴት ጋ፣ ሸንታችሁ ለመለካት ትመጡ ይሆናል። ሽንት ቤቱን ዘግታችሁ ስትወጡ በቀጥታ አልጋው ላይ ውጡ። ሻይ ቢሰጧችሁ "በኋላ" በሉ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አትጠይቁኝ። እኔ የእናንተን ከጠየቅኩ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ዘመድም ብንሆን፣ በተለይ ዘመድ ከሆንን፣ "ቨርና፣ ለኪ!" በሉኝ።